ከክላምፑ ሥር ያለው ብረት

ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ቤት ለመግዛት የሚዞሩ ወገኖቻችን ኩሽናው ላይ ይቆያሉ፤ ቤዝመንቱን ግን ቶሎ ያልፉታል። እኔ መጀመሪያ የምወርደው ወደ ቤዝመንቱ ነው። ባትሪ አብርቼ በቢጫ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ውስጡ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የጋዝ ቧንቧ መኖሩን አያለሁ። ካለ፣ ከቤቱ ግራውንድ (ከመሬት መስመሩ) ጋር እንዴት እንደታሰረ እመረምራለሁ።

ይህ ቧንቧ ወደ አሜሪካ ቤቶች የገባው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። እንደልብ ስለሚታጠፍ ሥራ ያቀላል፤ የብረቱ ውፍረት ግን ሩብ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መብረቅ ቤቱን ወይም አካባቢውን ሲመታ፣ በቧንቧውና በአጠገቡ ባለው ሌላ ብረት መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ብልጭታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ስሱን ብረት ሊበሳውና የሚያፈተልከውን ጋዝ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ቦንዲንግ የሚባለው ብረቶቹን በመዳብ ሽቦ አያይዞ ይህን ልዩነት ማጥበብ ነው። አደጋውን ጨርሶ ባያጠፋውም ይቀንሰዋል።

ሥራውን ስትመዝኑ ከሽቦው ጀምሩ። ለቢጫው ቧንቧ የሚፈለገው ቢያንስ 6 ቁጥር መዳብ ነው፤ ዲያሜትሩ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ርዝመቱ ከ75 ጫማ፣ ማለትም ከ23 ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። ጎበዝ ባለሙያ ግን በዚህ አይረካም፤ አጭሩን መንገድ ይመርጣል፣ ሽቦውን በለሰለሰ ኩርባ ይወስዳል፣ ትርፉን ጠምጥሞ አያንጠለጥልም። የመብረቅ ጉልበት ጥምጥም ሽቦ ውስጥ በቀላሉ አያልፍምና።

ቀጥሎ ሽቦውን ከቧንቧው ጋር የሚያስረው ክላምፕ ያረፈበትን ቦታ እዩ። ከቆጣሪው ወዲህ፣ በጠንካራው የብረት ቧንቧ ወይም በነሐስ መገጣጠሚያው ላይ መሆን አለበት። ቢጫው ቧንቧ ላይ ከታሰረ ሥራው ተበላሽቷል፤ ስሱን ብረት ይጨፈልቀዋል። የጋዝ ቧንቧውን የቤቱ መሬት መስመር አድርጎ መጠቀምም ክልክል ነው፤ ቧንቧው ከግራውንዱ ጋር ይታሰራል እንጂ ግራውንዱን አይተካም።

በመጨረሻ ክላምፑን ራሱን ቅረቡት። አንድ ቤት ውስጥ በገመድ የተለካ የሚመስል፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ አይቼ ተደስቼ ነበር። ክላምፑን በአውራ ጣቴ ገፋ ባደርገው ዞረ። ሥሩ የነበረው የቧንቧ ቀለም ጭረት እንኳ አልነካውም። ያ ሁሉ መዳብ የታሰረው ከብረት ጋር ሳይሆን ከቀለም ጋር ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ራሳችሁ አትነካኩት፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ሲሠራም አጠገቡ ቁሙ። ክላምፑን ከማሰሩ በፊት ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ካበራው፣ ማንም በማያየው ቦታ የሚጠነቀቅ ሰው አግኝታችኋል፤ ስልኩን ያዙት።