ወባውን የማያይ የወባ መመርመሪያ

ጥቅምት ላይ ገነተ ማርያም ቤተሰብ ጋ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። አሶሳ አካባቢ ያደገ ሰው በዚህ ወር ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ወባ ነው። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ጣቱን ወግተው ደሙን ካርዷ ላይ ጠብ አደረጉ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ «ነፃ ነው» ተባልን። ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ኃይለኛው ወባ ተገኘበት።

አሁን ደህና ነው። ካርዷ ለምን እንደሳተች ከአንድ ታማሚ ተነስቶ መፍረድ አይቻልም። እኔን ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተሙ ሁለት ጥናቶችን እንደገና እንዳነብ አደረገኝ። ትምህርቴ ምህንድስና ስለሆነ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው «ይህ ነገር የት ቦታ ይሰበራል?» የሚለውን ነው። የሕክምና ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

እስቲ ካርዷን እንፈታታት። ውስጧ አንድ ቀጭን የወረቀት ዓይነት ሰቅ አለ። ሰቁ ላይ በዓይን በማይታይ መስመር አንቲቦዲዎች ተቀብተዋል፤ ሥራቸው አንድን ፕሮቲን ለይቶ መያዝ ነው። ለፋልሲፓረም በብዛት የተመረጠው ፕሮቲን ኤችአርፒ2 ይባላል። ምርጫው ሞኝነት አልነበረም። ጥገኛ ተህዋሲው ይህን ፕሮቲን በገፍ እያመረተ ደም ውስጥ ይለቀዋል፣ ካርዱም ሙቀት ይችላል። መብራትና ላቦራቶሪ ለሌለው ጤና ኬላ ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም።

ችግሩ ተህዋሲው ያለዚህ ፕሮቲንም መኖር መቻሉ ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ከጠፋ ወባው ይኖራል፣ ያሳምማል፣ ይገድላል፤ መስመሩ ግን አይወጣም። ድልድይ የሚነድፍ ሰው አንድ ብሎን ስለወለቀ ድልድዩ በሙሉ እንዳይወድቅ ያስባል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ብሎን ላይ ነበር፤ ብሎኑን የሚፈታው ደግሞ ራሱ ጠላት ነው።

ማስጠንቀቂያም አልጠፋም። ዘረመሉ የጠፋበት ወባ ከፔሩ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘግቧል። ኤርትራ ውስጥ ጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩት 26 ታማሚዎች 21ዱ ላይ ስለተገኘ አገሪቱ በ2016 መመርመሪያዋን ቀየረች። ጎረቤት ነች እኮ!

ወደ ጥናቶቹ እንምጣ። ትልቁ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ ያወጡት ነው። 12,572 ሰዎችን አካተዋል። ኤችአርፒ2ን ብቻ የሚፈልግ ካርድ በዘረመሉ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶውን እንደሚስት ገመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት «መመርመሪያ ቀይሩ» የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነውና ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የጥናቱ ጥንካሬ ከመቁጠር ማለፉ ነው። የተህዋሲውን ዘረመል አንብበው ለውጡ በቅርቡና በፍጥነት መስፋፋቱን አሳይተዋል። ይህን ሲያወሩ ብዙዎች «ወባው ብልህ ሆነ» ይላሉ። አልሆነም። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ካርዷ ያየችው ተህዋሲ በመድኃኒት ይሞታል፤ ያላየችው ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይሄድና ለትንኝ ይተርፋል። መርጠን ያራባነው እኛው ነን፣ በጥሩ ሐሳብ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ናሙናው የተወሰደው ከትግራይ፣ ከአማራና ከጋምቤላ ድንበር አካባቢ ወረዳዎች ነው። ካርታ ክፈቱና በአማራና በጋምቤላ መካከል ሱዳንን ተደግፎ ያለውን ክልል ተመልከቱ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ወባ የሚበዛበት ቆላ፣ በሁለቱ ክልሎች መሃል ያለ፣ ጥናቱ ውስጥ ግን የለም። ሁሉም ቦታ መድረስ እንደማይቻል ይገባኛል። ግን አንባቢ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ርዕስ አይቶ አገሩ በሙሉ የተለካ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ስልቱ ላይ ነው። ታማሚው በሁለት ዓይነት ካርድ ይመረመራል። ኤችአርፒ2 የሚፈልገው «የለም»፣ ኤልዲኤች የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን የሚፈልገው ደግሞ «አለ» ሲል ናሙናው ለዘረመል ምርመራ ይመረጣል። ለትልቅ ጥናት ተግባራዊ ነው። ነገር ግን ደሙ ውስጥ ያለው ወባ ጥቂት ሆኖ ሁለቱም ካርዶች ከሳቱት ከወንፊቱ ያመልጣል።

ያንን የካርታ ክፍተት በከፊል የደፈነው ትንሹ ጥናት ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትና ከአሜሪካ የመጡ ተመራማሪዎች ናሙና የወሰዱት እዚሁ አሶሳ ዞን ነው። ኤችአርፒ2ን ብቻ ሳይሆን ወንድሙን ኤችአርፒ3ንም ፈተሹ። ይህ ወሳኝ ነው። ሁለቱ ፕሮቲኖች ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሲጠፋ ሌላው መስመሩን ሊያወጣው ይችላል፤ ሁለቱም ሲጠፉ ግን ካርዱ ጨርሶ ይታወራል። የዘረመሎቹ መጥፋት በዞኑ ከፍተኛ መሆኑን ማላሪያ ጆርናል ላይ አሳተሙ። ናሙናቸው ትንሽ ነው፣ ብዙ የተጠቀሰውም ያኛው ነው። እኔ ግን የትውልድ ሰፈሬን በተመለከተ ይህኛውን አስቀድማለሁ።

ታዲያ ለምን በኤልዲኤች ካርድ ብቻ አንገላገልም? ተህዋሲው ኤልዲኤችን ጉልበት ለማግኘት ስለሚጠቀምበት እንደ ኤችአርፒ2 በቀላሉ ሊጥለው አይችልም፤ ለመሐንዲስ ይህ ያስደስታል። ግን ወባው ደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን የኤልዲኤች ካርዶች ይደክማሉ፣ ሙቀትም ብዙ አይወዱም። አሶሳ ላይ ሙቀት ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁለቱም ጥናቶች ያጣሁትም ይህንኑ ነው፦ አዲሱ ካርድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወራት ከርሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እጅ ሲገባ ስንቱን ታማሚ ያያል?

የትልቁ ጥናት ናሙናዎች እንደገና ተፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲወጣ፣ አርቴሚሲኒን የተባለውን ዋና መድኃኒት ለመቋቋም ከሚረዳ ለውጥ ጋር የካርዱን መስመር የሚያጠፋውን ለውጥ አንድ ላይ የያዙ ተህዋሲያን ተገኙ። ካርድም መድኃኒትም የሚያመልጥ ማለት ነው። ናሙናዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የተወሰዱት ናቸው። አሶሳ እነሱም ውስጥ የለችም።

የወንድሜን ካርድ እናቴ አልጣለችውም፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አሁን ቤት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ካርዱ ባዶ ከወጣ «በማይክሮስኮፕም ይታይልኝ» ሳትል አትመለስም።