«ወደቀ» የሚባለው ጡት

አማርኛችን ለሴት ጡት ሁለት ዘመን ብቻ ነው የሰጠው። አንደኛው የአጎጠጎጤ ዘመን ነው፤ ዘፈኑም ግጥሙም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፣ የጥምቀት ሎሚም የሚወረወረው ወደዚያው ነው። ሁለተኛው የእናትነት ዘመን ነው፤ ከሃዲው «የእናት ጡት ነካሽ» ይባልበታል። ሦስት ልጅ አጥብታ ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ላልሞላት ሴት ግን ቋንቋው ያዘጋጀው አንድ ቃል ነው፦ «ወደቀ»። አጥር ይወድቃል፣ መንግሥት ይወድቃል፣ ተማሪ ይወድቃል። ጡትም!

ይህን ማንሣቴ በቀዶ ሕክምና ጡታቸውን ስለሚያስተልቁ ሴቶች የሚሰጠው የችኮላ ፍርድ ስላስመረረኝ ነው። «ፈረንጅ ለመምሰል» ይባላል፤ ነገሩ አለቀ። ሐኪም ዘንድ ከሚሄዱት መካከል ግን ካጠቡ በኋላ ጡታቸው የላላ፣ ከልጅነት ጀምሮ አንዱ ጡት ከሌላው ያነሰባቸው አሉ። ብዙዎቹም «ለራሴ ብዬ ነው» ይላሉ። መቼም ይህ «ራስ» የሚሉት ነገር በዘፈን ተኮትኩቶ ያደገ መሆኑን አልዘነጋም።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ታሪክ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1962 በቴክሳስ፣ ሂውስተን፣ የሲሊኮን ከረጢት የተገባላት ሴት ሆስፒታል የሄደችው ከደረቷ ላይ ንቅሳት ለማስጠፋት ነበር። ከረጢቱን ያሰቡት ሐኪሞቹ ናቸው፤ እሷ ይበልጥ የፈለገችው ጆሮዋን ማስተካከል ነበር። ሁለቱም ተሠራላት። እዚህ ዳንግላ አንገታቸው በንቅሳት ያጌጠ እናቶችን ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች። በመርፌና በጥላሸት ስንቷ ልጅ ሳትጠየቅ ተነቀሰች! ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ጌጥ ኋላ ቀርነት ይሉታል።

ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤቴ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለዚሁ ልታውለው አስባ «ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ተዪው አላልኳትም። ከረጢቱ የዕድሜ ልክ እንዳልሆነ፣ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገርኳት። ፒ.አይ.ፒ. የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን ሲጠቀም እ.ኤ.አ. በ2010 መጋለጡን፣ አለርጋንም በ2019 ገጻቸው ሸካራ የሆኑ ከረጢቶቹን ከሊምፎማ ካንሰር ጋር በመያያዛቸው ከገበያ መሰብሰቡን ጨመርኩላት። የከረጢቱን ዓይነትና ስም ሳትጠይቂ እንዳትተኚ አልኳት።

እሷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር፦ ከዚያ በኋላ ብወልድ ማጥባት እችላለሁ ወይ? ብዙዎች ይችላሉ፤ የሚቀደደው በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ከሆነ ግን ወተቱ ሊያንስ ይችላል።