ሻጭና ገዥ በቆራኛ

ድሮ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ነጠላቸው ከነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ጠንከር ሲልም በሰንሰለት ተሳስረው፣ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይውሉ ነበር። ይህ ቆራኛ ይባላል። ዛሬ ስንሰማው ያስቀን ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ብልሃት ነበረው፤ ነገሩ ቶሎ እንዲቆረጥ ከሳሹም ተከሳሹም እኩል ይቸኩላሉ። ቆራኛ ቀርቷል ይባላል፤ እኔ ግን አልቀረም ባይ ነኝ። ቤት የሸጠና የገዛ ሰው ተያይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት እያየሁ እንዴት ቀረ እላለሁ? ልዩነቱ አንድ ነው። ድሮ የሚቆራኙት የተጣሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ የሚቆራኙት የተስማሙ ናቸው። ጉድ በል ጎንደር!

ይህን ያስባለኝ አንድ የውል ወረቀት ነው። መተማ ዮሐንስ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ገዝቶ ኖሮ ቅጂውን ላከልኝ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ጽሑፍ ያውቃሉ፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ» ብሎ። ሕግ አዋቂ እንዳልሆንኩ ያውቃል። የተማሪ አጭር ልቦለድ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ወረቀቱንም እንደዚያው አነበብኩት። አጀማመሩ ያማረ ነው። ባለታሪኮቹ ከነአያታቸው ስም ተዋውቀዋል። ቤቱ «በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የእገሌ አጥር» እየተባለ በአራቱም ማዕዘን ተዋስኗል። ዋጋው በአኃዝም በፊደልም ሰፍሯል፤ ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። «ስሙን አዛውርላቸዋለሁ» ይላል ሻጩ። መቼ? አይናገርም። ማስረጃው ቢዘገይስ? ዝም። እስከዚያ ግብሩን ማን ይክፈል? አሁንም ዝም። መካከል ላይ ደግሞ «ቦታውንና ቤቱን ሸጫለሁ» የምትል ሐረግ ገብታለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ላይ የተሠራው ነው። ጸሐፊው በአንዲት ቃል ሻጩን የሌለውን አሸጠው።

«ለምን በመንደር ተዋዋላችሁ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ወግ ያለው ውል ለመዋዋል ካርታ ይጠየቃል። ካርታው በሻጩ አባት ስም ነው፤ አባትየው ሞተዋል። ለማዞር ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ያ ሲመጣ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑ ይጣራል። ያ ሲያልቅ ግምት ይወጣል። ግምት የሚያወጣው ሰው ደግሞ መስክ ነው።» ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ተማሪዬ ገዝቶ አልገዛም፤ ሻጩም ሸጦ አልሸጠም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ይህም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር። ያ «ሥልጣን የተሰጠው ሰው» በእነሱ አገር በየትንሹ ከተማ ቢሮ ከፍቶ የሚገኝ ባለሙያ ነው። ወደ እኛ ሲተረጎም ቃሉ መጣ፣ ሰውየው ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 እንዲህ ያለውን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። የሰበር ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። ችሎቱ በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች ነገሩን አለዝቦታል፤ ሻጩ ውሉን ካልካደ ባለመመዝገቡ ብቻ አይፈርስም። መልካም ነው። ነገር ግን የገዥው መብት በሻጩ ኅሊና ላይ ተንጠለጠለ ማለት እኮ ነው! ኅሊና ለአንድ ሳምንት ይጸናል። ስምንት ወር ሲቆይ፣ የቤት ዋጋ ሲወጣ፣ ሌላ ገዥ ጭማሪ ይዞ በር ሲያንኳኳ ይፈተናል። መዘግየት ደኅናውን ሰው ለክህደት ጊዜ ይሰጠዋል። ስለ ቀብድም ሕጉ ይናገራል፤ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሁለቱም ሳያፈርሱ መሥሪያ ቤቱ ቢያጓትትስ? ለእሱ ቀብድ የለውም፤ የሚያጣው ነገርም የለም።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ደግሞ ይህ ሁሉ ይብሳል። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናቸው። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። ደርሶ ሳይታጨድ ከቆየ የፍሬው መያዣ ይከፈትና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን ባለእርሻውም፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛም በረሃ ነው። ብር በእጅ የሚገባው ሰሊጡ ተሸጦ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ክረምት ሲቃረብ ያው ብር ለእርሻና ለአረም ተመልሶ ይወጣል። ቤት የሚያስገዛ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው ማለት ነው። ፍርድ ቤቱስ? በክረምት ለዕረፍት ይዘጋል፤ ጥቅምት ላይ ሲከፈት ባለጉዳዩ ማጭድ ይዟል። ብሩ ሲኖር ማስረጃው የለም፣ ማስረጃው ሲመጣ ብሩ የለም። ሰውየው በመንደር የሚዋዋለው ሕግ ንቆ ወይም ሰንፎ አይደለም። ብሩ ሳይበተን ቤት ይሁንልኝ ብሎ ነው።

የቢሮውን ቋንቋም ልብ በሉልኝ። አማርኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ የሚዞር ነው፤ «ጻፈች» ሲባል አንዲት ሴት እንደጻፈች እናውቃለን። ቢሮ ግን አድራጊውን የሚደብቅ ግስ ይወዳል። «ይታያል»፣ «ይጣራል»፣ «ይገለጽልዎታል»። ማን ያየዋል? ማን ያጣራዋል? መቼ? የማይታይ ሰው ያዘገየውን ጉዳይ ለማን አቤት ይሏል?

ጽሑፍ የማያውቅ አገር ብንሆን ባልከፋኝ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጎንደር የርስት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይመዘገብ ነበር፤ እነ ዶናልድ ክራሚ በሰፊው አጥንተውታል። ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋ በወርቅ፣ የምስክሮችና የሹማምንት ስም በጥቂት መስመር ይሰፍራል። ያን ዘመን ላወድሰው አይደለም፤ የመጽሐፉ ኅዳግ በአብዛኛው የባለርስትና የመኳንንት እንጂ የደሃ አልነበረም። ሆኖም ማን ባለበት እንደተጻፈ ይታወቃል። የእኛ ፋይል ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳደረ ግን አይታወቅም።

«ማጣራት ባይኖርስ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። አንድ ቤት ለሁለት የሚሸጥ አለ፤ ካርታ የሚያስመስል አለ፤ ሚስቱ ሳታውቅ የጋራ ቤታቸውን የሚሸጥ ባል አለ። የሚስትየዋን ፊርማ የሚጠይቅ ሠራተኛ እግዜር ይስጠው። ችግርም አላጣንም፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በመተማ በኩል ገብቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የተነሣው የትጥቅ ግጭትም መንገዱንም ቢሮውንም አውኳል። ነገር ግን «ነገ ተመለስ» ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ማጣራት ማለት አንድ ሰው ፋይሉን ገልጦ ያየበት ሰዓት ነው። ማንም ሳያየው ያደረባቸው ሌሊቶች ማጣራት አይባሉም።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ግብር እንዲቀንስ ሁለት ዋጋ የምንጽፍ፣ አንዱን ለቢሮ፣ አንዱን ለኪሳችን፣ ስንት ነን? ውሉ የፈረሰ ዕለት ወረቀቱ የሚመሰክረው ትንሹን ዋጋ ነው። ቢሮውን እየዋሸን ቢሮው ይታመነን ማለት አያምርብንም።

ለተማሪዬ የመለስኩለት እርማት አጭር ነው። «ቦታውን» የሚለው ይውጣ። «አዛውርላቸዋለሁ» ከሚለው ቀጥሎ ቀን ይግባ፤ ቀኑ ቢያልፍ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍ። ሙሉው ክፍያም ስም ከመዞሩ በፊት አይለቀቅ። ለመሥሪያ ቤቶቹም ያለኝ እርማት ከዚህ አይረዝምም። ማመልከቻ በተቀበላችሁ ቁጥር «ተቀብለናል» ከሚለው ማኅተም ጎን ሁለት ነገር ጻፉ፤ የሚያየውን ሰው ስምና መልስ የሚሰጥበትን ቀን። ግሱ ባለቤት ያግኝ። ያን ጊዜ የሚቆራኘው ሻጭና ገዥ መሆኑ ቀርቶ ፋይሉና ፋይሉን የያዘው ሰው ይሆናል። እሱም ለመፈታት ሲል ይቸኩላል።