ስትጠፋ የምትመሰክር መስመር

በኤክስሬይ የተነሣ የአልማዝ ምስል ሲያሳዩኝ፣ ውበቱን ከማድነቄ በፊት «ሌሎቹስ የት አሉ?» እላለሁ። አንድ ምስል ብቻውን ድንጋዩ ጉድለት እንዳለበት ይነግረን ይሆናል፤ የጉድለቱን ዓይነት ግን አይነግረንም።

ሐኪም ቤት የለመድነው ኤክስሬይ ጥላ ነው፤ አጥንት ጨረሩን ያስቀረዋል። አልማዝ ግን ካርቦን ነው፤ የተዛነፈውም ያልተዛነፈውም ክፍሉ ጨረሩን እኩል ያሳልፋል። ስለዚህ ባለሙያው ቀጥታ የሚያልፈውን ጨረር በከለላ ጋርዶ፣ የአቶም ንጣፎች ወደ ጎን የሚመልሱትን ብቻ ፊልም ላይ ይቀበላል። የአቶሙ ረድፍ የተቃናበት ቦታ ፈዘዝ ይላል፤ የተዛነፈበት፣ ዲስሎኬሽን የሚባለው፣ እንደ ጥቁር ክር ይወጣል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለወግ ያበቃው አንድሪው ላንግ ነው፤ በኋላም በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት አልማዝ አጥንቶበታል።

በላንግ ካሜራ ክሪስታሉና ፊልሙ ተያይዘው በቀጭን ጨረር ፊት ይመላለሳሉ። ምልልሱ ከተንገጫገጨ ምስሉ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ከኤክስሬይ ቱቦው የሚወጡት ሁለት ተቀራራቢ የሞገድ ርዝመቶች ካልተለዩ ደግሞ እያንዳንዱ ክር መንታ ሆኖ ይታያል። ይህ የአንሺው እንጂ የድንጋዩ ጥፋት አይደለም።

ትልቁ ፈተና ክሩን ማጥፋት ነው። በእያንዳንዱ ዲስሎኬሽን አቶሞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተገፍተዋል፤ በአልማዝ አብዛኛውን ጊዜ በኩቡ ፊት ሰያፍ መስመር በኩል። ጨረሩን የሚመልሱት ንጣፎች ከዚያ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ ግፊቱ አያጎብጣቸውም፤ ክሯም ከምስሉ ትሰወራለች። ጎበዝ ባለሙያ ያንኑ ድንጋይ በተለያዩ ንጣፎች እየደጋገመ የሚያነሣው ለዚህ ነው። በአንድ ንጣፍ ስትጠፋ እንጠረጥራለን፤ በሌላ ንጣፍም ድራሿ ሲጠፋ አቶሞቹ ወዴት እንደተገፉ ይታወቃል። ይህን ያልሞከረ ሥራ፣ የቱንም ያህል ጥርት ቢል፣ ለእኔ ገና አላለቀም።

ቀጥሎ ዓይኔ የክሮቹን መነሻ ይፈልጋል። ከመሬት በወጡ ብዙ አልማዞች ክሮቹ ከመሃል፣ እድገቱ ከጀመረበት ነጥብ፣ እንደ ፀሐይ ጮራ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ከጋዝ በተሠራ አልማዝ ግን ከዘሩ፣ ማለትም አልማዙ ከሚያድግበት መነሻ ክሪስታል፣ ገጽ ተነሥተው፣ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ እየታሰሩ፣ እድገቱ ወደሄደበት ይወጣሉ። እስሩ በትክክል ዘሩ ላይ ከጀመረ የዘሩን አወላወል እጠይቃለሁ፤ ሲወለወል ከገጹ በታች የቀረ ጉዳት አዳዲስ ክሮችን ይወልዳልና።

ከባዱ ፍርድ ባዶ ምስል ላይ ነው። በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የተሠሩ ምርጥ አልማዞች ሰፊ ክፍላቸው ያለ አንድ ክር ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ፣ ፊልሙ ጉድለትን መያዝ መቻሉን ለማረጋገጥ፣ ገጹ ላይ የማወልወያውን ጭረት እፈልጋለሁ። ጭረቱ ጥርት ብሎ ከወጣ፣ ከሌላ ንጣፍ በተነሣው ምስልም ያው ባዶነት ከተደገመ፣ አምነዋለሁ። ጭረቱም ከሌለ ግን ፊልሙ እንደገና ይነሣ እላለሁ።