በጨርቅ የተጠቀለለ ጠጉር

ከሰው አካል ሁሉ ያለ ሕመም የሚቈረጥ፣ ከተቈረጠም በኋላ መልሶ የሚበቅል ጠጉርና ጥፍር ብቻ ነው። ከሁለቱም ጠጉር እንደ ባለቤቱ ፈቃድ የሚታጠፍ፣ የሚዘረጋ፣ የሚጐነጐንም ስለሆነ፣ ሰው በየዘመኑና በየአገሩ ማንነቱን ሲጽፍበት ኖሯል። በአገራችንም የሕፃኑ ቍንጮ፣ የልጃገረዲቱ ሳዱላ፣ የጦረኛው ጎፈሬ፣ የእመቤቲቱ ሹሩባ እያንዳንዱ አፍ ሳይኖረው ይናገር ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያየ ሁሉ የተጐነጐነ ጠጉራቸውን ያስታውሳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1868 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከዚያው ጠጉር ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ ኋላም ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጠይቆ በ2019 ዓ.ም. ተመለሰ። ጥቂት ዘለላ ጠጉር የአንድ ሕዝብ ክብር ከሆነ፣ «ስለ ጠጉር መጻፍ የሥራ ፈት ሥራ ነው» የሚል ሰው ካለ እንደገና ያስብ።

እኔ ዛሬ ለመመርመር የፈለግሁት ግን የነገሥታትን ሳይሆን የወጣቶችን ጠጉር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጣት ሴቶች በእጅ ስልካቸው እየተመለከቱ የአያቶቻቸውን ዘመን የጠጉር አሠራር በየቤታቸው ሲሞክሩ አያለሁ። አንዲቱ ጠጉሯን ከግንባሯ በላይ እንደ ወረቀት ጠቅልላ ታቆመዋለች፤ ሁለተኛይቱ በጨርቅ ቋጥራ ታድርና ጧት እንደ ማዕበል የተኛ ጠጉር ይዛ ትወጣለች፤ ሦስተኛይቱም ከእናቷ ሣጥን ያገኘችውን አሮጌ ፎቶግራፍ ከመስተዋቱ ጎን አድርጋ እርሱን ለመምሰል ትደክማለች። ምክንያታቸውን ስትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ያምራል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው ይላሉ። ሽማግሌዎች ይስቁባቸዋል፤ ነጋዴዎች ያጨበጭቡላቸዋል። ሳቅም ጭብጨባም ፍርድ ስላልሆነ፣ የሚመሰገነውን ለማመስገን፣ የሚነቀፈውንም ለመንቀፍ ነገሩን ከመነሻው ልጀምር።

ማርሴል ግራቶ የተባለ ፈረንሳዊ ጠጉር ሠሪ በ1872 ዓ.ም. (ከዚህ ወዲያ ያለውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በጋለ መቈንጠጫ ጠጉርን ማዕበል ማስመሰል ጀመረ። በጀርመን አገር የተወለደው ካርል ኔስለር ደግሞ በ1906 ዓ.ም. ለንደን ላይ በመድኃኒትና በጋሉ ብረቶች ጠጉርን ለብዙ ወራት የሚጠቀልልበትን መሣሪያ ለሕዝብ አሳየ። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ሲሞክረውም የገዛ ሚስቱን ጠጉር ማቃጠሉ ይነገራል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ነበር። ገንዘብ የሌላት የልብስ ሰፊ ሚስት ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ያንኑ ጥቅልል ከአሮጌ አንሶላ በተቀደደ ጨርቅና በትንንሽ የሽቦ መያዣ ታወጣው ነበር። ከ1939 እስከ 1945 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ጦርነት ጊዜም፣ ብዙ ነገር በገበያ በጠፋበትና ሴቶች ወደ ፋብሪካ በገቡበት ወራት፣ ከግንባር በላይ ተጠቅልሎ የሚቆመው ጠጉር «የድል ጥቅል» ተብሎ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተለመደ። እንግዲህ ዛሬ በፎቶግራፍ ስናየው የምቾት ምልክት የሚመስለን አሠራር ከፊሉ የእጦት ልጅ ነው። ያቺ ሴት በሥዕሉ ላይ ፈገግ ብትልም፣ ማታ ደክሟት ከሥራ ገብታ በደበዘዘ መብራት ጠጉሯን ስትቋጥር ያነሣት ሰው የለም።

የጨርቁ አሠራር ጥበብ የሚያሰኘው ደግሞ ይህ ነው። ጠጉር የተሠራበት ኬራቲን የሚባለው ነገር በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማያያዣዎች አሉት። ከነዚህ አንዳንዶቹ በውሃ ይላቀቃሉ፤ ጠጉሩ ሲደርቅም በያዘው ቅርጽ እንደገና ይያያዛሉ። ሌሎቹ በድኝ የተያያዙት ግን ጽኑዎች ስለሆኑ ከብርቱ መድኃኒት በቀር የሚፈታቸው የለም። በጨርቅ የሚጠቀልል ሰው የሚነካው የፊተኞቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው በውሃ መጥቶ በውሃ ይሄዳል፤ ጠጉሩም እንደ ተፈጠረ ይቀራል። መድኃኒት የቀመሰ ጠጉር ግን አይመለስም፤ ከሥሩ አዲስ እስኪበቅል ድረስ መጠበቅ ነው፤ የሚበቅለውም በወር ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

አሠራሩን መሞከር የምትወድ ወጣት ብትኖር የሚያስፈልጋት ጥቂት ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ስፋት እያደረገች ትቅደድ። ጠጉሯን ታጥባ በሚዶ ካፍታታች በኋላ ውሃው እስኪጠፈጠፍና ርጥበቱ ብቻ እስኪቀር ትቆይ፤ ውሃ እንደ ያዘ የተጠቀለለ ጠጉር ሌሊቱን ሙሉ አይደርቅምና። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየለየች ከጫፉ ጀምራ ወደ ሥሩ ትጠቅልል፤ ጨርቁንም ሳታጠብቅ ትቋጥር። ጧት በደንብ ከደረቀ በኋላ ትፍታው፤ ስትፈታውም በጣቷ እንጂ በሚዶ አትለየው። የኛ ጠጉር ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ጨርቁ ጥቅልሉን ያሰፋዋል እንጂ እንደ ፈረንጅ ጠጉር አያደርገውም። በዚህ የምታዝን ብትኖር የመረጠችው ሥዕል እንጂ ጠጉሯ አላጠፋም። በክረምት ወራትም የሰማዩ ርጥበት ሥራውን ቶሎ ያፈርስባታል፤ ይህንንም አስቀድማ ትወቅ።

ምስጋናዬን እነሆ። በዚህ አሠራር ገንዘብ አይባክንም፤ ጠጉር አይቃጠልም፤ ብትሳሳት ነገ ታጥባ እንደገና ትጀምራለች። ከዚህም ሌላ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ማታ የቋጠረችውን እስከ ጧት ሳትነካ መጠበቅ አለባት። ደግሞም በስተኋላ ያለውን ጠጉር ማንም ለራሱ በሚገባ ሊጠቀልል ስለማይችል፣ እኅት ለእኅቷ፣ እናትም ለልጇ እጅ መሆናቸው አይቀርም። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዱ ለሌላው ራስ የሚደክምበት ሥራ በቤት ውስጥ ምን ያህል አለ?

ነቀፌታዬ ደግሞ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ርካሹን ነገር ውድ ማድረግ ነው። «በቤት የሚሠራ» ተብሎ የሚጀምረው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በገበያ ነው፤ ይህ ቅባት፣ ያ ርጭት፣ ይህ ልዩ መያዣ ካልተገዛ አይሆንም ይባላል። አያቶች በአንሶላ ቅዳጅ የሠሩትን ለመሥራት ሰባት ጠርሙስ የሚጠይቅ ሰው ጥበቡን ሳይሆን ጠርሙሱን እየሸጠ ነው። ይህን ስል ጠጉር ሠርቶ የሚያድረውን ሁሉ መንቀፌ አይደለም። በ1867 ዓ.ም. በሉዊዚያና የተወለደችው ጥቁር አሜሪካዊት ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በልብስ አጣቢነት ስትኖር የገዛ ጠጉሯ ቢረግፍባት የራስ ቅባት ወደ መሥራትና መሸጥ ገብታ፣ በ1919 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ለብዙ ሺህ ሴቶች የእንጀራ መንገድ ከፍታለች። በየሰፈራችንም ቢጎዲን እየጠቀለሉና ሹሩባ እየሠሩ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ሴቶች አሉ፤ የነሱ ላብ የተከበረ ነው። የሚነቀፈው ሰው የሌለበትን ጉድለት እየነገሩ መድኃኒቱን መሸጥ ነው።

ሁለተኛው፣ «የጥንት ነው» የተባለውን ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መቀበል ነው። ቬሮኒካ ሌክ የምትባለው የአሜሪካ ሲኒማ ተዋናይ አንድ ዓይኗን በሚጋርድ ረጅም ጠጉር ታውቃ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች እርሷን ሲመስሉ ጠጉራቸው በመኪና መያዙ ስላሠጋ፣ መንግሥቱ እርሷ ራሷ አሠራሯን እንድትለውጥ ጠይቋት በ1943 ዓ.ም. ጠጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ታየች። የጠጉሯ ማማር እውነት ነበር፤ አደጋውም እውነት ነበር። በኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። «ጠበቅ ሲል ይቆያል» እየተባለ ከግንባር እስኪያስለቅስ ድረስ የሚጐነጐን ሹሩባ ዓመታት ሲደጋገም የጠጉሩን ሥር ይነቅላል፤ ግንባርም እየሸሸ ይሄዳል። የጋለ ካውያም ቢሆን አያቴ ስትጠቀምበት ስለነበር ማቃጠሉን አልተወም።

ሦስተኛው፣ በቤት ያለውን ጥሎ በሩቅ ያለውን መፈለግ ነው። ርካሽ፣ ጥንታዊ፣ በቤት የሚሠራ የጠጉር ጥበብ የምትፈልግ ወጣት ከሹሩባ የበለጠ ምን ታገኛለች? አያቷ በበርጩማ ተቀምጣ፣ ልጅቱን በጕልበቷ መካከል አስቀምጣ፣ ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ቀብታ፣ በሚዶና በጣቷ ብቻ የምትሠራው ሥራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ይህን ንቆ የሌላ ሰው ጠጉር በብዙ ወር ደመወዝ መግዛት ግን የሚያሳዝን ነው። በህንድ አገር በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ስለ ስእለታቸው ራሳቸውን ይላጫሉ፤ የተላጨውም ጠጉር በጨረታ ተሸጦ ወደ ዓለም ገበያ ይወጣል። የአንዲቱ ድኻ ስእለት የሌላይቱ ድኻ ዕዳ ይሆናል ማለት ነው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

እስከዚህ ድረስ የፈረድሁት በሌሎች ላይ ነው። አሁን በራሴ ላይ ልፍረድ፤ ያለዚያ ነገሬ ጐዶሎ ይሆናል።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅቤ ተቀብታ የመጣች ልጅ ወደ ቧንቧ ትላክ ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ስለ ሹሩባና ስለ ወርቅ የተናገረውን ሁላችን በቃል እናውቀው ነበር። መምህር በሆንሁ ጊዜም ይህንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። አንድ ቀን ጧት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች፣ ዝምተኛና ልብሷ የተጣፈ ልጅ ጠጉሯ በሚያምር ጥቅልል ወርዶ ክፍል ገባች። ልጆቹ ዘወር ዘወር እያሉ አይዋት ጀመር። እኔም ትምህርቱን አቋርጬ፣ «እዚህ የመጣሽው ለመማር ነው ወይስ ለመታየት?» አልኋትና በሁሉ ፊት ወደ ቧንቧ ሄዳ እንድትታጠብ አዘዝኋት። ታጥባ ተመለሰች፤ ውሃው በአንገቷ ይወርድ ነበር። አላለቀሰችም። ቃልም አልመለሰችም።

በዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ለሚኒስትሪ ፈተና ቅጽ የሚሆነውን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው መጣ። ከሳምንት በኋላ ፎቶግራፎቹን በየቅጹ የለጠፍሁ እኔ ራሴ ነኝ። የእርሷ ፊት ገና ባልደረቀ በተንጨባረረ ጠጉር ውስጥ ሆኖ ዓይኗ ወደ መሬት ያያል። እናቷ በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት መሆኗን ያወቅሁት፣ ቅጹን በጣት አሻራዋ ልትፈርም በመጣች ጊዜ ነው። ፎቶግራፉን አየችና ዝም ብላ ቆየች። «የኔታ፣ ሌሊቱን በነጠላዬ ቅዳጅ ጠቅልዬላት ነበር፤ ከዚህ በፊት ፎቶ ተነሥታ አታውቅም» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ይልቁንም ልጇ ራሷ ያበላሸችው መስሏት ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኋትም።

ከዚያ ወዲህ የጴጥሮስን መልእክት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንደ ተረዳሁት ሐዋርያው የሚነቅፈው ሰው ጌጡን ሁሉ በውጭ አድርጎ ውስጡን ባዶ ማስቀረቱን ነው። በዚያ ጧት በክፍሉ ውስጥ በውጭ አጊጦ ውስጡ ባዶ የነበረ ሰው ካለ፣ ደብተር ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ልጅቱ በራሷ ላይ የተሸከመችው የአንዲት እናት የሌሊት እንቅልፍና የአንዲት ነጠላ ጫፍ ነበር። እኔ ግን ከንቱ ውዳሴ ብዬ በውሃ አስወገድሁት። ውሃ ያፈረሰው ጥቅልል በማግሥቱ ሊሠራ ይችል ነበር፤ በቅጹ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ፣ የአንድን የጠጉር አሠራር ደግነት ስትመዝኑ አምሯል ወይም አላማረም በማለት ብቻ አትቁሙ። ምን ያህል ገንዘብ በላ? ጠጉሩንስ እንዴት አድርጎ ተወው? የማንስ እጅ አለበት? ብላችሁ ጠይቁ። ከደመወዝ በላይ የሆነ፣ ሥሩን የሚያቃጥል፣ ሰውንም በራሱ መልክ እንዲያፍር የሚያደርግ አሠራር የፈረንጅም ይሁን የአገር፣ የጥንትም ይሁን የዛሬ ክፉ ነው። በቤት ባለ ጨርቅና በወዳጅ እጅ የተሠራ፣ በውሃ መጥቶ በውሃ የሚሄድ ጌጥ ግን ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። በመስተዋቱ ፊት የምታጠፉት ጊዜ ከመጽሐፍና ከሥራ ጊዜ ተሰርቆ እስካልሆነ ድረስ፣ ስለ መዋባታችሁ ማንንም ይቅርታ አትጠይቁ።

ከእናንተም መካከል ነገ መምህር የምትሆኑ አላችሁ። አንዲት ልጅ ተውባ በመጣች ቀን፣ ወደ ቧንቧ ከመላካችሁ በፊት ጠጉሯን ማን እንደ ጠቀለለላት ጠይቋት።