ጦረኝነት በራሱ አንደበት ሲጋለጥ

ምጸት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የሚነቅፈውን ነገር ከውጭ ሆኖ ይስቅበታል፤ ሁለተኛው የተነቃፊውን ልብስ ለብሶ በተነቃፊው አንደበት ይናገራል። ሆላንዳዊው ዳይሬክተር ፖል ቬርሆቨን በሆሊውድ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለእይታ ያበቃው «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» የተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የመረጠው ሁለተኛውንና አስቸጋሪውን መንገድ ነው።

የፊልሙ መነሻ አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ የመምረጥ መብት በፈቃደኝነት ላገለገሉ ብቻ የሚሰጥበትን ኅብረተሰብ በአድናቆት ያቀርባል። ልጅነቱን በናዚ ወረራ ሥር በነበረችው ሆላንድ ያሳለፈው ቬርሆቨንና የፊልሙ ጸሐፊ ኤድዋርድ ኒውማየር ግን ይህንኑ ሥርዓት ለፌዝ አሳልፈው ሰጥተውታል።

ፊልሙ በምልመላ ማስታወቂያ ይከፈታል። ወጣቶቹ መልከ መልካሞች፣ መምህራኑ ቆራጦች ናቸው። በሚተላለፈው ዜና ውስጥ ሕፃናት በረሮ ሲጨፈልቁ አንዲት ሴት በደስታ ታጨበጭባለች፤ ጠዋት የተያዘ ነፍሰ ገዳይ በዕለቱ ተፈርዶበት ማምሻውን የሞት ቅጣቱ በቴሌቪዥን እንደሚታይ ይነገራል። ጠላቶቹ በሌላ ፕላኔት የሚኖሩ ግዙፍ ተባዮች ናቸው። አንድ ጋዜጠኛ፣ ተባዮቹን ለጠብ ያነሣሣቸው የሰው ልጅ ግዛታቸውን መድፈሩ ነው የሚል አስተያየት እንዳለ ሲጠቅስ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሪኮ ሁሉም ይጨፍጨፉ ብሎ አፉን ያስይዘዋል። እውነቱ ብልጭ ያለው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ወዲያውም በጩኸት ተዋጠ። የፊልሙ ብስለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ውሸት ለክርክር ጊዜ ሳይሰጥ እንዴት እንደሚያሸንፍ ያሳያል።

መደምደሚያው ይበልጥ ያስደነግጣል። የጌስታፖን አለባበስ የሚያስታውስ ረጅም ጥቁር ካፖርት የደረበ የስለላ መኮንን የተማረከውን ፍጡር ዳስሶ መፍራቱን ሲያበሥር ሠራዊቱ በሆታ ይፈነድቃል። የድሉ ትርጉም ይኸው ነው፤ የሌላው ፍርሃት።

ይሁንና ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም። የውጊያው ትርኢት እጅግ ማራኪ በመሆኑ ተመልካች ከሠራዊቱ ጋር አብሮ መሮጡን ሳያስተውል ሊቀር ይችላል። ፊልሙ በወጣበት ወቅት አንዳንድ የአሜሪካ ሐያስያን ፋሺዝምን ያወድሳል ብለው መንቀፋቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰሙ ደምቆ ወርቁን ሸፍኖባቸዋልና። ነገር ግን ማራኪነቱ ቢቀነስ ኖሮ ትምህርቱም በጎደለ ነበር። የፕሮፓጋንዳን ጉልበት ያልቀመሰ ሰው እንዴት እንደሚያታልል ሊገነዘብ አይችልም።

ስለዚህ ፊልሙን ለውይይት የሚያቀርብ መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ባለሙያ፣ ትርኢቱ እንዳበቃ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ይበጃል፤ የተጨበጨበው ለምን ነበር?