«ዌር» ሁልጊዜ «የት» ነውን?

ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያውቃቸው፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን ኮሌጅ ከገባን በኋላም የምንሰናከልባቸው ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ። ከነዚህ አንዱ «ዌር» ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በደብተራችን በግራ «ዌር»፣ በቀኝ «የት» ብለን ጽፈን በቃላችን አጠናነው። ይህ ትርጉም ሐሰት ነው አንልም፤ ጎዶሎ መሆኑን ግን ልናስረዳ እንወዳለን።

በጓደኞቻችን ዘንድ አዘውትሮ የሚሰማ አስተያየት አለ። አማርኛ «የት»፣ «ወዴት»፣ «ከየት» ብሎ መኖርን፣ መሄድንና መምጣትን ሲለይ፣ እንግሊዝኛ ሦስቱንም በአንድ «ዌር» ስለሚጠቀልል ድሀ ቋንቋ ነው ይባላል። ይህ አስተያየት በሁለት ምክንያት አይጸናም።

አንደኛ፤ እንግሊዝኛም ቀድሞ ይለይ ነበር። ለ«ወዴት» «ዊዘር»፣ ለ«ከየት» «ዌንስ» የሚሉ ቃላት ነበሩት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 መልአኩ አጋርን የመጣችበትንና የምትሄድበትን ሲጠይቃት የምናገኘው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው። ዛሬ ከተራ ንግግር ወጥተዋል፤ ልዩነቱ ግን በግሡ ወይም «ፍሮም»ንና «ቱ»ን በመጨመር ይታወቃል። እኛም በንግግር «የት ትሄዳለህ?» እንላለን፤ የሚሰማንም ሰው አይሳሳትም።

ሁለተኛ፤ «ዌር» ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ስምን ከሚገልጸው ሐረግ ጋር ሲያያይዝ፣ በአማርኛ «የት» ስፍራ የለውም። «የተወለደበት መንደር» እንላለን እንጂ «መንደሩ የት እንደተወለደ» አንልም። ሥራውን የሚሠራው በግሡ መጨረሻ የሚገባው «በት» ነው። ይኸው «በት» ደግሞ ከ«ዌር» ይልቅ ብዙ ይሸከማል። «የሄደበት አገር» እና «የመጣበት አገር» ስንል አቅጣጫውን የሚነግረን ግሡ ብቻ ነው። ከዚህም አልፎ «የመጣበት ቀን»፣ «የጻፈበት ብዕር»፣ «የቀረበት ምክንያት» እንላለን፤ ጊዜውም፣ መሣሪያውም፣ ምክንያቱም በአንድ «በት» ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ያመጣል። እንግዲህ የሚጠቀልለው የትኛው ቋንቋ ነው?

ነገሩ የሰዋስው ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልደከምንበት። ነገር ግን የሕግ ጽሑፍ ስናነብ ስሕተቱ ጉዳት ያመጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንግሊዝኛ ቅጂ ብዙ ድንጋጌዎቹን በ«ዌር» ይጀምራል። በዚያ ቃሉ ቦታን አያመለክትም፤ «እንደሆነ» ወይም «በሆነ ጊዜ» ማለት ነው። እኛም ራሳችን በአንድ የትርጉም መልመጃ «ባለዕዳው ያልከፈለ እንደሆነ» ማለት ሲገባን «ባለዕዳው ባልከፈለበት ቦታ» ብለን ጽፈን በቀይ ተሰርዞብናል። መሰረዙም ተገቢ ነበር፤ በውል ሕግ ዕዳ የሚከፈልበት ቦታ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነውና። የእኛን ትርጉም ያነበበ ሰው ክርክሩ ስለ ከፋዩ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ስለ ቦታው ይመስለዋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና ለአማርኛው ቅጂ ይሰጣል። እኛ ግን በኮሌጅ ትምህርታችንን የምንቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ መናገር አለበት፤ በመካከሉም እንዲህ ያለ ትንሽ ቃል የባለጉዳዩን ነገር ሊያጣምም ይችላል።

ስለዚህ በደብተር ላይ ከ«ዌር» አጠገብ አንድ ሳይሆን ሦስት መስመር ሊጻፍ ይገባል እንላለን፤ ሲጠይቅ «የት»፣ ሲያያይዝ «በት»፣ በሕግ ነገር ሲገባ «በሆነ ጊዜ»። እንግሊዝኛ ሁኔታን በቦታ ቃል ሲገልጽ አማርኛ በጊዜ ቃል ይገልጻል። ይህን ያስተዋለ ተማሪ አንዱን ቋንቋ ድሀ፣ ሌላውን ባለጸጋ ለማለት አይቸኵልም።